ከሽቦ መኪና እስከ ራዲዮ አይሮፕላን

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን የአባቶች ተረት ሰምተው ያደጉ ነዎት፤ ምናልባትም ለራስዎ ልጆች አንድ ቀን ሳይናገሩት አልቀሩም። ተረቱ ስለ ሊጥ ሲነገር እውነት ነው። ስለ መብረር ጥበብ ሲነገር ግን ታሪክ ራሱ ይቃወመዋል። ዛሬ በራሳችን ላይ እያገሣ የሚያልፈው ታላቅ አይሮፕላን ከመሠራቱ በፊት፥ በሕፃናት እጅ የነበረ አንድ ትንሽ መጫወቻ ነበረና። በዚህ ንግግር የምናወሳው ወላጅና ልጅ በገዛ እጃቸው ሠርተው፥ ከምድር ሆነው በራዲዮ ሞገድ እየመሩ የሚያበሩት ትንሽ አይሮፕላን ከየት እንደ መጣ፥ ለእኛም ለኢትዮጵያውያን ምን ቁም ነገር እንዳለው ነው።

በሰሜን ሸዋ፥ የምንጃርና ሸንኮራ ወረዳ ርእሰ ከተማ በሆነችው በአረርቲ፥ እንደ ሌሎቹም ከተሞቻችን ሁሉ፥ ልጆች ከወዳደቀ ሽቦ መኪና ያበጃሉ። ጎማው የጠርሙስ ቆርኪ ወይም የቆርቆሮ ክዳን ነው። መሪው ደግሞ ከመኪናው ተነሥቶ እስከ ልጁ ደረት የሚደርስ ረዥም ሽቦ ነው። ልጁ ከኋላ እየሮጠ መሪውን ሲጠመዝዘው የፊት ጎማዎቹ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይታጠፋሉ። መንገደኛው አይቶ ያልፈዋል። ልብ ብሎ ለሚመለከተው ግን በዚህ መጫወቻ ውስጥ ሦስት የምሕንድስና ትምህርቶች አሉ፤ ይኸውም አንደኛው በአካባቢ ከተገኘ ነገር ቅርጽ ማውጣት፥ ሁለተኛው አንድን ነገር ከራቀ ስፍራ ሆኖ መምራት፥ ሦስተኛው የተበላሸውን ራስ መልሶ ማቃናት ነው። እንግዲህ ረዥሙ ሽቦ ቀርቶ በስፍራው የራዲዮ ሞገድ ቢተካ፥ ጉዞውም ከመሬት ወደ አየር ቢነሣ፥ የምንናገርለት አይሮፕላን ይሆናል ማለት ነው። የሰው ልጅ ከዚያ ለመድረስ የሄደበት መንገድ ግን አጭር አልነበረም።

በአውሮጳ አቈጣጠር ኦገስት 18 ቀን 1871፥ አልፎንስ ፔኖ የተባለ ገና ሃያዎቹን የጀመረ ፈረንሳዊ፥ በፓሪስ ከተማ በቱይልሪ የአትክልት ስፍራ ሰዎች ተሰብስበው ሲያዩ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ለቀቀ። ኃይሏ የተጠመዘዘ ላስቲክ ነበረ። ላስቲኩ ሲፈታ ፕሮፔለሯን እያዞረ፥ 11 ሰከንድ ያህል በአየር ቆይታ 40 ሜትር ገደማ ከሄደች በኋላ አረፈች። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ያቺ አይሮፕላን ማንም ሳይመራት ሚዛኗን ጠብቃ በመብረሯ፥ ጅራት በስተኋላ ሆኖ ክንፍን እንዴት እንደሚያረጋጋ ለዓለም አሳየች። ፔኖ በ30 ዓመቱ ሞተ፤ ሰው የሚይዝ አይሮፕላን የመሥራት ሐሳቡም ሳይፈጸም ቀረ። መጫወቻዎቹ ግን ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ደረሱ።

በ1878 በዚያው አቈጣጠር፥ ሚልተን ራይት የተባሉ ኤጲስ ቆጶስ ከመንገድ ሲመለሱ ለሁለት ልጆቻቸው አንድ ስጦታ ይዘው ገቡ። ከቡሽ፥ ከቀርከሃና ከወረቀት የተሠራ፥ በላስቲክ ኃይል ወደ ላይ የሚነሣ፥ በፔኖ አሠራር የተበጀ መጫወቻ ነበረ። ታላቁ ልጅ ዊልበር የ11 ዓመት፥ ታናሹ ኦርቪል የ7 ዓመት ልጅ ነበሩ። ልጆቹ መጫወቻውን «የሌሊት ወፍ» ብለው ጠሩት። ሲሰበርባቸውም አላለቀሱበትም፤ እርሱን አይተው ሌላ ሠሩ። ከዚያም ከፍ ያለ፥ ከዚያም ይልቅ ከፍ ያለ ሠሩ። ትልቁ ግን እንደ ትንሹ አልበር አላቸው። አድገው ካወቁ በኋላ ራሳቸው እንደ ጻፉት፥ የመጫወቻው ርዝመትና ስፋት እጥፍ ሲሆን የሚፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ መሆኑን በዚያን ጊዜ አያውቁም ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። እነዚህ ልጆች የኃይልን ሕግ የተማሩት በመምህር አንደበት አይደለም፤ አልነሣም ባለ የወረቀት ክንፍ ነው። አባትየውም የሠሩት ታላቅ ሥራ መጫወቻውን ማምጣታቸው ብቻ አልነበረም፤ ልጆቻቸው ሲፈቱትና ሲቈርጡት፥ ወለሉንም በወረቀትና በቡሽ ሲሞሉት ዝም ብለው መተዋቸው ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች ዴሴምበር 17 ቀን 1903 በኪቲ ሆክ አሸዋ ላይ ሰው ይዞ በሞተር ኃይል የሚበር አይሮፕላን ባነሡ ጊዜ፥ የመጀመሪያው በረራ የቆየው 12 ሰከንድ ብቻ ነበር፤ የሄደውም 37 ሜትር ያህል ነው። ከፔኖ መጫወቻ በአንድ ሰከንድ ብቻ በለጠ፤ በርቀት እንዲያውም አነሰ። በዚያው ቀን በአራተኛው በረራ ግን 59 ሰከንድ ቆይተው 260 ሜትር ገደማ ሄዱ።

ከሩቅ ሆኖ የመምራት ጥበብ ደግሞ በሌላ መንገድ መጣ። በ1898 ኒኮላ ቴስላ በኒው ዮርክ ከተማ በውኃ ገንዳ ላይ ትንሽ ጀልባ አሳየ። ጀልባዋ ገመድም ሽቦም ሳይነካት፥ በራዲዮ ሞገድ ብቻ እየታዘዘች ስትታጠፍ ሕዝቡ ተደነቀ። ይህን ጥበብ ወደ አየር ለማውጣት ግን ጊዜ ፈጀ፤ የዘመኑ የራዲዮ መሣሪያና ባትሪ ለትንሽ ክንፍ እጅግ ከባድ ነበረና። በ1937 ዋልተርና ዊሊያም ጉድ የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች፥ በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት ተማሪዎች ሳሉ፥ አንደኛው አይሮፕላኑን ሁለተኛው ራዲዮውን ሠርተው «ጋፍ» ያሉትን ሞዴል በራዲዮ እየመሩ አበረሩ። በዚያ ዘመን የነበረው መቈጣጠሪያ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው ነበር። አንድ ጊዜ ሲጫኑት መቅዘፊያው ወደ ቀኝ፥ ደግሞ ሲጫኑት ወደ ግራ ይዞራል። አብራሪው የቀደመውን ትእዛዝ ከረሳ አይሮፕላኑ ወዳላሰበው ይሄድበታል። የጉድ ወንድማማቾች አይሮፕላን ዛሬ በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ይገኛል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ይህ ቀን በአውሮጳ አቈጣጠር ኦገስት 18 ቀን 1929 ይሆናል። የፔኖ መጫወቻ በፓሪስ በበረረች በ58ኛው ዓመት፥ ቀኑም ሳይለይ፥ ከፈረንሳይ የተገዛ ፖቴዝ 25 የተባለ አይሮፕላን ከተማችንን አየ ማለት ነው። ከአንድ ዓመት ጥቂት በኋላ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የአብራሪነት ፈተና አልፈው ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ አይሮፕላን አብራሪዎች ሆኑ። እንግዲህ እኛ የጀመርነው ተሠርቶ ያለቀውን በመግዛትና በማብረር ነው። ይህም ነቀፌታ የለበትም፤ አብዛኛው ዓለም የጀመረው እንዲሁ ነውና። መግዛት ግን መሥራትን አያስተምርም።

መሥራት የጀመርነው በ1928 ዓ.ም. ነው። የንጉሠ ነገሥቱ አይሮፕላን አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር፥ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ አንዲት ቀላል አይሮፕላን ሠራ። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች፤ በረረችም። ነገር ግን በዚያው ዓመት የፋሽስት ኢጣልያ ጦር አገሪቱን ወረረ፤ አይሮፕላኗም ምርኮ ሆና ወደ ኢጣልያ ተወሰደች። ከሮማ በስተሰሜን በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ቤተ መዘክር ስትታይ ብዙ ዘመን ቈይታ፥ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

የተከበሩ አንባቢ፤ ይህን ነገር በቍጥር ቢያስቡት ይበልጥ ይገባል። ከ1928 እስከ 2016 ዓ.ም. 88 ዓመት ነው። «ፀሐይ» ስትበር በ7 ዓመቱ ቀና ብሎ ያያት የአዲስ አበባ ልጅ፥ ስትመለስ ለማየት 95 ዓመት መኖር ነበረበት። የተወሰደው እንጨትና ሸራ ብቻ ሳይሆን፥ ልጅ ሊያየው፥ ሊዳስሰውና «ይህን የሠሩት የአገሬ ሰዎች ናቸው» ሊልበት የሚችል ምስክር ነበረ። በመካከሉ ያደጉት ትውልዶች አይሮፕላንን ያወቁት ከውጭ አገር ተሠርቶ የሚመጣ ዕቃ መሆኑን ብቻ ነው።

ይህን ስንል ከነጻነት በኋላ የተሠራውን መልካም ሥራ መዘንጋት የለብንም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀንም የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። በደብረ ዘይት ደግሞ በስዊድናዊው በካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት የአየር ኃይል ትምህርት ቤት ተከፈተ። አየር መንገዱ ከዚያ ወዲህ የራሱን አብራሪዎችና መካኒኮች አሠልጥኗል፤ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1980ዎቹም ለእርሻ መድኃኒት የሚረጭ «እሸት» የተባለ አነስተኛ አይሮፕላን በአገር ውስጥ ገጣጥሟል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ጤና ትምህርት የተማረው አስመላሽ ዘፈሩ፥ ከመጻሕፍትና ከቪዲዮ እያጠና፥ የቮልስዋገን መኪና ሞተር ገጥሞ በራሱ እጅ የሠራው አይሮፕላን በዓለም ጋዜጦች ተወራ። ለመነሣት ሲሞከር አልነሣለትም። የራይት ልጆች ትልቁ «የሌሊት ወፍ» ደግሞ መች ተነሣላቸው! ልዩነቱ እነርሱ አልነሣ ያላቸው ገና በሕፃንነታቸው፥ በወረቀትና በቡሽ ሲሆን፥ አስመላሽን ያጋጠመው ግን ሙሉ ሰው ሆኖ፥ ጊዜውንና ገንዘቡን ካፈሰሰ በኋላ መሆኑ ነው። በልጅነት የሚወድቅ አይሮፕላን ርካሽ ነው፤ የሚያስተምረውም ያው ትምህርት ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር የነገሩን ሁለተኛ ፊት መሸሸግ አይገባም። ሬጂናልድ ዴኒ የተባለ በሆሊውድ የሚኖር እንግሊዛዊ የፊልም ተዋናይ ሞዴል አይሮፕላን ይወድ ነበርና፥ በ1934 በአውሮጳ አቈጣጠር የሞዴል መሸጫ ሱቅ ከፈተ። ከዚያ መጫወቻ ተነሥቶ ያቋቋመው ኩባንያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለመድፈኞች የተኵስ ልምምድ ዒላማ የሚሆኑ 15,000 ያህል ሰው አልባ አይሮፕላኖች ሠራ። ዛሬ «ድሮን» ብለን የምንጠራው መሣሪያ የዘር ሐረጉ ከዚህ ይመዘዛል። በአገራችንም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄዱት ጦርነቶች ሰው አልባ አይሮፕላኖች ተሰማርተዋል። ስለዚህ በዛሬው ቀን በሰሜን ሸዋ መንደሮች ላይ ከሰማይ የሚሰማ ቀጭን የሞተር ድምፅ ለሁሉ ሰው የልጅ ጨዋታ አይመስለውም። ድምፁን ሰምታ ልጇን ወደ ቤት የምትጠራ እናት ብትኖር አይፈረድባትም።

እንግዲህ «ከሆነስ ነገሩን መተው አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ የማስበው ግን ሌላ ነው። ልጅ የሚፈራውን ነገር አሠራሩን ካላወቀ ሲፈራው ይኖራል፤ አሠራሩን ካወቀ ግን መልካሙን ከክፉው ለመለየት ይችላል። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ፥ ክንፉን ምን እንደሚያነሣው፥ መሪውን የያዘውም ሰው መሆኑን ያወቀ ልጅ፥ ሲያድግ ያ ሰው ምን ሊያደርግበት እንደሚገባ መጠየቁ አይቀርም። ይህን ለማሳወቅ የሚሻ ወላጅ ግን አስቀድሞ የሚገባውን ይፈጽም። ከሚመለከተው የመንግሥት ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቅ፤ ለቀበሌውና ለጎረቤቱ ይንገር፤ ፈቃዱ ካልተገኘ ወይም ጊዜው ካልተመቸ፥ ራዲዮ የሌለው፥ በእጅ የሚወረወር የወረቀት ወይም የፎም ተንሸራታች ይሥራ። ፔኖም የራይት ልጆችም የጀመሩት ያለ ራዲዮ ነውና፥ ይህ እንደ ጕድለት አይቈጠርም።

ፈቃድና ሰላም ባለበት ጊዜ ግን፥ እንደ አረርቲ አካባቢ ለዚህ ሥራ የሚስማማ ስፍራ ጥቂት ነው። ከደብረ ዘይት በአየር መንገድ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የምንጃር ሜዳ፥ ጤፉና ሽምብራው ታጭዶ ከተወቃ በኋላ ሰፊና ገላጣ ይሆናል። የአይሮፕላኑን ገላ ለመሥራት፥ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ ታሽጎ የሚመጣበት ነጭ ቀላል ፎም ይበቃል፤ ለክንፉ ማጠንከሪያ የተሰነጠቀ ቀርከሃ፥ ለማያያዣ ኮላና ፕላስተር ይሆናል። የሚገዛው ነገር ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር፥ ባትሪው፥ መቅዘፊያዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ሰርቮዎችና የራዲዮ መቈጣጠሪያው ነው።

ከመወርወሩ በፊት አንድ ፈተና አለ። አይሮፕላኑን ከክንፉ ሥር በሁለት ጣት ያንሡት። ጣትዎ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ተነሥቶ የክንፉን ስፋት ከአራት አንድ እስከ ሦስት አንድ በሚሆነው ስፍራ ላይ ሲያርፍ አይሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ከቆመ፥ ሚዛኑ ደኅና ነው። ወደ ኋላ ካዘነበለ ባትሪውን ወደ አፍንጫው ያስጠጉ። አፍንጫው የከበደ አይሮፕላን ደካማ በራሪ ነው፤ ጅራቱ የከበደ ግን የሚበረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይላሉ የዚህ ሥራ ሰዎች። ደግሞም አረርቲ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ከስድስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ለቈላና ለባሕር ዳር አገር የተነደፈ አይሮፕላን እዚህ ሰፋ ያለ ክንፍ ወይም ፈጠን ያለ ሩጫ ይፈልጋል። ልጅዎ «ለምን?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፥ በመጽሐፍ ያነበበው የአየር ክብደት ትርጉም ያገኘው በዚያች ቀን ነው። ነፋሱ የሚሰክነው በማለዳ ስለ ሆነ በጧት ይውጡ፤ ከኤሌክትሪክ ገመድ፥ ከመንገድ፥ ከከብትና ከሰው ርቀው ያብሩ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የክንፉ ሥራ አይደለም፤ መሪውን ለልጅ መስጠት ነው። አይሮፕላኑ ከእርስዎ ሲርቅ ቀኙ ቀኝዎ ነው፤ ዞሮ ወደ እርስዎ ሲመጣ ግን ቀኙ ግራዎ ይሆናል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ አባት ወይም እናት ፈጥኖ መቈጣጠሪያውን ከልጁ እጅ ሊነጥቅ ይቃጣዋል። ለዚህ የተዘጋጀ አንድ ብልሃት አለ፤ ሁለት መቈጣጠሪያዎች በገመድ ይያያዙና አንዱን መምህሩ ሌላውን ተማሪው ይይዛል። መምህሩ አንዲት ቍልፍ ሲይዝ መሪነቱ ለተማሪው ያልፋል፤ ሲለቃት ተመልሶ ወደ ራሱ ይመጣል። ጥሩ መምህር ቍልፏን ከቀን ወደ ቀን አስረዝሞ ይይዛታል፤ ከዕለታት አንድ ቀንም ገመዱን ይፈታዋል።

በመሥሪያ ቤት የምናገለግል ሰዎች ይህን ቍልፍ በሌላም ስፍራ እናውቀዋለን። ጀማሪው ጸሐፊ ደብዳቤ ሲያረቅቅ ከእጁ ነጥቀን ራሳችን እንጽፈዋለን፤ ሥራው ቶሎ ያልቃል፥ ጸሐፊው ግን አይማርም። አገር አይሮፕላንን ሲገዛ እንጂ ሲሠራ ሳያይ የኖረው በጠላት ዘረፋ ብቻ አይደለም፤ «አንተ ልጅ፥ ተው ታበላሸዋለህ» በሚል ፍርሃት ጭምር ነው። በዘረፋ የሄደችው «ፀሐይ» ተመልሳለች። በየቤቱ ከልጆች እጅ የተነጠቀውን መቍረጫና መሪ የሚመልሰው ግን መንግሥትም ቤተ መዘክርም አይደለም፤ የቤቱ ባለቤት ራሱ ነው።

ስለዚህ፥ የተከበሩ አንባቢ፥ በሚመጣው ቅዳሜ ልጅዎ ከጓዳ ፎም ፈልጎ ቢቈርጥ፥ ወለሉም በነጭ ፍርፋሪ ቢሞላ፥ ከመቈጣትዎ በፊት የራይትን አባት ያስቡ። መጀመሪያ የሚሠራው አይሮፕላን ይወድቅ ይሆናል። መውደቁ አይቀርም፤ ነገር ግን አብረው ወደ ወደቀበት ሲሄዱ «ምን ሆኖ ወደቀ?» ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቅ ልጁ ይሁን፤ እርስዎም መልሱን ቢያውቁት እንኳ ጥቂት ይታገሡ።